የታይዋን ዘጋቢ ፊልሞችን በኢንተርኔት ፈልጎ ማግኘት፦ ጥያቄውና 22ቱ ምላሾች

የኢንተርኔት ውይይት ክሩን የከፈተው ከአዲስ አበባ የሚጽፍ ሰው ነው። ኔትፍሊክስ ላይ የቹንግ ሞንግ-ሆንግን «ኤ ሰን» ካየ በኋላ ወደ ሁዋንግ ሺን-ያኦ «ዘ ግሬት ቡድሃ ፕላስ» ተሻገረ፤ ሁዋንግ በ2017 ያንን ልብ ወለድ ፊልም ከመሥራቱ በፊት ዘጋቢ ፊልም ሠሪ እንደነበረም አነበበ። ቀደምት ሥራዎቹን ሲፈልግ ግን ዩቲዩብ የሚያቀርብለት የምሽት ገበያ ምግብ፣ የጉብኝት ቪዲዮና የጦር መርከብ ብቻ ሆነበት። ከዚህ ተነስቶ የታይዋን ዘጋቢ ፊልም በኢንተርኔት የለም፣ ካለም ለውጭ ሰው ዝግ ነው ብሎ ደመደመ። ተሳስተሃል የሚለው ካለ ደግሞ ሦስት ነገር እንዲመልስለት ጠየቀ፦ የት ይገኛል፣ ከኢትዮጵያ እንዴት ይከፈላል፣ የግርጌ ጽሑፉስ ነገር እንዴት ነው?

ምላሾቹን በቁጥራቸው እየተከተልኩ እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹም ቀኖቹም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምላሽ 1 ባለ አንድ መስመር ነው፦ ቪፒኤን ጭኖ አገሩን ታይዋን ማድረግ ይበቃል የሚል።

ምላሽ 2 በትሕትና፣ ግን በማያሻማ አነጋገር አረመው። የፊልም መብት በአገር በአገር ተቆራርጦ የሚሸጥ ነገር ነው፤ ጊሉን የመሰሉ የታይዋን መድረኮችም በዋናነት የሚያሳዩት ለአገራቸው ተመልካች መብት የገዙበትን ነው። ቪፒኤን የአይፒ አድራሻን ይለውጣል እንጂ የባንክ ካርዱ የወጣበትን አገር አይለውጥም። ብዙ መድረኮች ደግሞ የታወቁ የቪፒኤን አድራሻዎችን ዝርዝር ይዘው ያግዳሉ። ስለዚህ ክፍያው አልፎ ፊልሙ አልከፈት የሚልበት ጊዜ ይኖራል፤ ገንዘብ ይመለስልኝ ቢባል ደግሞ የአገልግሎቱን ደንብ የጣሰው ራሱ ተጠቃሚው ነው። ይህ ሁሉ ቢታለፍ እንኳ ለአገር ውስጥ የተዘጋጀው ቅጂ ብዙ ጊዜ ያለው የቻይንኛ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ፍሬ ነገሩ የመጣው በምላሽ 3 ነው። ጸሐፊዋ ፍለጋው ከመድረክ ሳይሆን ከፌስቲቫል ይጀምር ባይ ነች፤ በዚህ ነጥብ እኔም ከእርሷ ጋር ነኝ። የታይዋን ዓለም አቀፍ የዘጋቢ ፊልም ፌስቲቫል ከ1998 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ይካሄዳል፤ ከ2014 ወዲህ የሚያዘጋጀው ዛሬ የታይዋን የፊልምና የኦዲዮቪዥዋል ተቋም የሚባለው ብሔራዊ ተቋም ነው። የፌስቲቫሉ ድረ ገጽ በእንግሊዝኛም ይነበባል፣ ያለፉት ዓመታት መርሐ ግብርም አለበት። አካሄዷ እንዲህ ነው፦ አንድ ዓመት ይመረጣል፤ የታይዋን ውድድር የሚለው ክፍል ይከፈታል፤ ከዚያ ከእያንዳንዱ ፊልም አራት ነገር ይገለበጣል። በቻይንኛ ፊደል የተጻፈው ርዕስ፣ የእንግሊዝኛው ርዕስ፣ ዓመቱ፣ ርዝመቱ በደቂቃ።

ብዙ ሰው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ይዘላል፤ ፍለጋው የሚከሽፈውም በእነዚሁ ነው። ምሳሌ የሰጠችው የጻይ ጹንግ-ሉንግን የ2022 ፊልም ነው። በእንግሊዝኛ «ኤንድ ማይልስ ቱ ጎ ቢፎር አይ ስሊፕ» ይባላል፤ የቻይንኛው ርዕስ ግን ስለ ዘጠኝ ጥይት ብቻ የሚናገር አጭር ርዕስ ነው። የእንግሊዝኛውን በማሽን ወደ ቻይንኛ አስተርጉሞ የፈለገ ሰው ዓመት ቢቀመጥ አያገኘውም። የደቂቃው ጉዳይ ደግሞ የቅጂ ጉዳይ ነው። የሕዝብ ጣቢያው ፒ.ቲ.ኤስ. «ቪውፖይንት» በተባለው ፕሮግራሙ ዘጋቢ ፊልሞችን ሲያሳይ ሰዓቱ ስለሚወስነው የቴሌቪዥኑ ቅጂ ከፌስቲቫሉ ሊያጥር ይችላል። የ90 ደቂቃ ፊልም ፈልጎ 55 ደቂቃ ያገኘ ሰው ያየው ሌላ ቅጂ መሆኑን ማወቅ አለበት። በዚያው እጇ ሌሎቹንም ፌስቲቫሎች ዘረዘረች፦ ከ1962 ጀምሮ የሚሰጠው የወርቃማው ፈረስ ሽልማት፣ በ1993 የተጀመረው የሴቶች ፊልም ፌስቲቫል ዊመን ሜክ ዌቭስ፣ የታይፔ ፊልም ፌስቲቫል፣ ከ2001 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ የሚመጣው የኢትኖግራፊ ፊልም ፌስቲቫል። የሁሉም ካታሎግ በሁለት ቋንቋ ስለሚዘጋጅ ለቅጂ ፍለጋ ከማንኛውም የፊልም መረጃ ቋት ይሻላል ትላለች።

ምላሽ 4 ላይ ጠያቂው አመስግኖ አንድ ነገር ግራ እንደገባው ተናገረ፤ የአንዱ ዳይሬክተር ስም በሁለት ገጽ ላይ በሁለት ዓይነት ተጽፎ አግኝቷል። ምላሽ 5 አጭር መልስ ሰጠው። ማሌዥያ የተወለደው ላው ኬክ-ሁዋት ስሙን የሚጽፈው ከቻይና ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በሆክየን አነባበብ ነው፤ በመደበኛው ቻይንኛ በማንዳሪን ሲነበብ ልያኦ ኬ-ፋ ይሆናል፤ ሰውየው ግን አንድ ነው። መፍትሔው ስሙንም እንደ ርዕሱ በቻይንኛ ፊደል መገልበጥ ነው፤ ያውም በታይዋን በሚሠራበት በባለ ብዙ ጭረቱ ነባር ፊደል። በተቃለለው ፊደል የፈለገ ሰው የሚደርሰው በዋናው ቻይና ድረ ገጾች ላይ ነው።

ምላሽ 6 የክሩን መንፈስ ቀየረው። ከሻርጃ የምትጽፍ እህት ናት። ለአማርኛ አንባቢ መግቢያ የሚሆነው ስለ ስደተኛ ሠራተኞች የተሠራው ነው፤ ምክንያቱም ደላላውም፣ ውሉም፣ የተያዘው ፓስፖርትም፣ ከአሠሪ ጠፍቶ መውጣቱም እዚህ ባሕረ ሰላጤ አገር ያለን ሰዎች የምናውቀው ነገር ነው ትላለች። ሦስት ፊልም ጠቆመች። የመጀመሪያው ስለ ፊሊፒናውያን የአረጋውያን ተንከባካቢዎች የሚናገረው የ2011 «መኒ ኤንድ ሃኒ» ነው፤ ዳይሬክተሯ ሴቶቹን ከ10 ዓመት በላይ ተከትላለች። ሁለተኛው ከአሠሪ የጠፉ ቬትናማውያን ሠራተኞችን የሚያሳየው የ2016 «ሲ ዩ፣ ላቨብል ስትሬንጀርስ» ነው። ሦስተኛው ያው ባለ ዘጠኝ ጥይቱ ፊልም።

ስለ መጨረሻው በሰፊው ጻፈች፤ እኔም በሰፊው ልተርከው። ነሐሴ 2017 ሺንጁ አውራጃ ውስጥ አንድ የ27 ዓመት ቬትናማዊ፣ ከአሠሪው ጠፍቶ ይሠራ የነበረ፣ ራቁቱንና ባዶ እጁን ሆኖ በፖሊስ ተተኮሰበት። በ12 ሰከንድ ውስጥ ዘጠኝ ጥይት። የፊልሙ መሠረት የፖሊሱ የደረት ካሜራ የቀረጸው ምስል ነው። ካሜራው የሚያሳየው ድንጋያማ የወንዝ ዳር፣ የፖሊስ መኪና፣ ከመኪናው ሥር የሚያቃስት ሰው ነው። አምቡላንስ ሲደርስ ቀድሞ የተጫነው ፊቱ ላይ የተጎዳው ረዳት ፖሊስ ነበር፤ ወጣቱ መሬት ላይ እየደማ ቀረ። ዳይሬክተሩ ይህን ምስል ሳያጣድፍ፣ እየቆራረጠ ሳያሳጥር ነው የተወው። በመካከሉ የሚያስገባው የሌሎች ስደተኛ ሠራተኞችን ኑሮ ነው፤ ፋብሪካውን፣ ማደሪያውን፣ ለደላላ የሚቆረጠውን ገንዘብ። ፊልሙ በ2022 የወርቃማው ፈረስን የምርጥ ዘጋቢ ፊልም ሽልማት ወሰደ። እህታችን አንጀት የሚበላው ጥይቱ ሳይሆን ከጥይቱ በኋላ ያለው ጥበቃ ነው አለች። ትክክል ናት።

ምላሽ 7 ለዚህ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ጨመረ፤ ምስሉ እውነተኛ ሞት ስለሆነ ከልጆች ጋር የሚታይ አይደለም። በዚያው ላይ «ፒኖይ ሰንደይ» የተባለውን ፊልም ከዘጋቢዎቹ ዝርዝር ጋር ቀላቀለ። እዚህ ላይ ንግግሩ ከረር አለ። ምላሽ 8 «ፒኖይ ሰንደይ» የሆ ዊ ዲንግ ልብ ወለድ ፊልም ነው፣ ሁለት ፊሊፒናውያን የተጣለ ሶፋ ተሸክመው ታይፔን የሚያቋርጡበት ታሪክ ነው፣ ያላዩትን መጠቆም ሰው ማሳሳት ነው ብሎ ልክ ልኩን ነገረው። ምላሽ 9 ለማብረድ ሞክሯል፤ በታይዋን በሁለቱ መካከል ያለው አጥር ዝቅተኛ እንደሆነ፣ ሁዋንግ ሺን-ያኦ ራሱ በልብ ወለድ ፊልሙ ውስጥ በገዛ ድምፁ እየገባ ስለ ገጸ ባሕርያቱ እንደሚያብራራ አስታወሰ። ነጥቡ እውነት ቢሆንም ምላሽ 8ን አያፈርስም። ካታሎግ ውስጥ በየትኛው ክፍል እንደሚገኝ ካልታወቀ ፍለጋው ከመነሻው ይበላሻል።

ምላሽ 10 ከሜሪላንድ የተጻፈ ሲሆን የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ የት የሚለውን፣ በቅጡ የመለሰው እርሱ ነው። ታይዋን ፕላስ በ2021 የተከፈተ የእንግሊዝኛ አገልግሎት ነው፤ ዘጋቢ ፊልሞቹን በድረ ገጹና በዩቲዩብ በነጻ ያቀርባል፤ ከአዲስ አበባ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ እዚያ ይመልከት። ቀጥሎ ዲኤ ፊልምስ አለ፤ የአውሮፓ የዘጋቢ ፊልም ፌስቲቫሎች ኅብረት መድረክ ነው፣ የእስያ ሥራዎችም ይገቡበታል፣ በአንድ ፊልም ወይም በወር ይከፈላል። ሙቢ በየጊዜው የሚለዋወጥ ዝርዝር ስላለው ዛሬ ያለው ነገ ላይኖር ይችላል። ኦቪድ እና ክራይቴሪየን ቻናል የሚሠሩት በአሜሪካና በካናዳ ነው። አሜሪካ ያለ ሰው ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ ካኖፒ ከተባለው የፊልም አገልግሎት ጋር ውል ካለው በቤተ መጻሕፍት ካርዱ ያለ ክፍያ ያያል፤ በወር የተመደበ የትኬት ቁጥር ስላለ ረጅሙን ፊልም ወር ሳያልቅ ማቀድ ይገባል። ልብ ወለድ ለሚፈልግ ኔትፍሊክስ ላይ ከ«ኤ ሰን» ሌላ የጾው ሺ-ቺንግ «ሌፍት-ሃንድድ ገርል» ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ አለ።

የዚህ ሰው ምክር ውስጥ ለእኔ የሚበልጠው ከመክፈል በፊት ስለሚደረገው ነገር የጻፈው ነው። አካውንት ሳይከፈት የፊልሙ ገጽ ይከፈታል፤ መግዣው ቁልፍ ቢታይም ታች ወይም ጎን ላይ በአገርዎ አይገኝም የሚል አነስተኛ ጽሑፍ መኖሩ ይታያል። ቀጥሎ የጽሑፍ ቋንቋው ይነበባል፤ የቀረጻው ቋንቋ ብቻ ተጽፎ የግርጌ ጽሑፉ ካልተጠቀሰ መጀመሪያ መጠየቅ ነው። ጀስትዎችን የመሰሉ መፈለጊያዎች የሚያሳዩት የተመረጠውን አገር ብቻ ነው፤ አገሩ አሜሪካ ላይ እንደተቀመጠ ትቶ ፊልሙ አለ ብሎ የሚደሰት ሰው ብዙ ነው።

ምላሽ 11 የጠያቂው ነው፤ በቴሌብር መክፈል ይቻል እንደሆነ። ምላሽ 12 አይቻልም አለው። እነዚህ መድረኮች የሚቀበሉት ቪዛ፣ ማስተርካርድ ወይም ፔይፓል ነው። ከኢትዮጵያ የሚሠራው ከውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ጋር የተያያዘ ወይም ባንኩ ለኢንተርኔት ግዢ የከፈተው ካርድ ነው፤ ካርዱ ቪዛ የሚል ምልክት ስላለው ብቻ ለውጭ ግዢ ክፍት ነው ማለት አይደለም፣ ቅርንጫፍ ሄዶ ማስከፈት ያስፈልጋል። የካርዱ አገርና የተመዘገበው አድራሻ ካልገጠሙ ክፍያው ውድቅ ይሆናል፤ አሜሪካዊ ዚፕ ኮድ (የፖስታ ቁጥር) ፈጥሮ መጻፍ ችግሩን ያባብሰዋል። ቴሌግራም ላይ የሚሸጥ ካርድ ወይም አካውንት ደግሞ በፍጹም። ካርዱ የተሰረቀ ከሆነ ባለቤቱ ሲያመለክት አካውንቱ ይዘጋል፣ የተገዛውም ፊልም አብሮ ይሄዳል። ውጭ ዘመድ ያለው ሰው የስጦታ ምዝገባ ቢያስልክ ይቀለዋል።

ከዚያ አንዱ የቴሌግራም ቻናል ሊንክ ለጠፈ፤ ምላሽ 13 ይህ ነው። አወያዩ ሊንኩን ወዲያው አነሳው። ምላሽ 14 በቁጣ የተጻፈ ቢሆንም ውስጡ እውቀት አለ። ያ ቅጂ ከየት እንደወጣ አስረዳ። ለፌስቲቫል መራጮችና ለጋዜጠኞች የሚላክ ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ የተቀባዩ ስም ወይም ኢሜይል በስሱ የታተመበት ነው፤ አንዳንዴም ለዓይን የማይታይ ምልክት ይኖረዋል። ሾልኮ ሲወጣ የሚጠየቀው ያ ሰው ነው። የሚጎዳው ግን ፊልሙ ነው፦ ብዙ ፌስቲቫሎች በአህጉራቸው ወይም በአገራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታይ ሥራ ነው የሚፈልጉት፤ በኢንተርኔት የተበተነ ፊልም ያንን ደረጃ ያጣል። ሦስትና አራት ሰው ለዓመታት የደከመበት ፊልም የሚተዳደረው በእነዚያ ጥቂት ግብዣዎችና በቴሌቪዥን ሽያጭ ነው።

ሊንኩን የለጠፈው በምላሽ 15 ተመልሶ መጣ፤ ዶላር የሌለው ሰው ምን ያድርግ፣ እናንተ ውጭ ሆናችሁ ስለ ሥነ ምግባር መናገር ቀላል ነው አለ። ይህ ጥያቄ መናቅ የለበትም፤ ክሩ ውስጥ ለዚህ የተሰጠው መልስ ደስ ያሰኘኝም ስላልናቀው ነው። ምላሽ 16 የጀመረው ወንድም ዓለም፣ ዶላር ለሌለው ሰውም ቀጥተኛ መንገድ አለ ብሎ ነው። አንደኛው ለባለ መብቱ መጻፍ ነው። የፊልም ተቋሙ ታይዋን ዶክስ በተባለው ገጹ የየፊልሙን መረጃና የባለ መብቱን አድራሻ በእንግሊዝኛ አስቀምጧል። ኢሜይሉ ከስምንት መስመር አይብለጥ፤ ርዕሱ ላይ የፊልሙ ስምና ዓመት ይጻፍ፤ ውስጡ ማን እንደሆናችሁ፣ በየትኛው አገር እንዳላችሁ፣ ፊልሙ በአገራችሁ በየትኛውም መድረክ እንደሌለ ማረጋገጣችሁ፣ ለምን ማየት እንደፈለጋችሁ ይግባ። በነጻ ስጡኝ ከማለት ክፍያ ካለ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። የተላከላችሁ በይለፍ ቃል የሚከፈት የቪሜዎ ቪዲዮ ከሆነ የሚሠራው ለተወሰነ ቀን ነው፤ ሊንኩን ለሌላ ሰው ማሳለፍ በሩን ለሚቀጥለው ጠያቂ መዝጋት ነው። ሁለተኛው መንገድ የቡድን ነው፤ ታይዋን ሲኒማ ቱልኪት የሚባል ፕሮግራም ለትርፍ ላልቆመ፣ ከታይዋን ውጭ ለሚደረግ ትርኢት ጽሑፍ የተጨመረባቸው ፊልሞችን ያቀርባል። የዩኒቨርሲቲ የፊልም ክበብ ቦታውን፣ ቀኑን፣ የሚጠበቀውን ተመልካች ብዛትና መግቢያው በነጻ መሆኑን ጽፎ አስቀድሞ መጠየቅ ይችላል።

ምላሽ 17 ይህን ሲያይ የታይዋን ኤምባሲ አዲስ አበባ የት እንዳለ ጠየቀ፤ ክሩም ከርዕሱ ወጣ። ኢትዮጵያ ከ1970 ጀምሮ ግንኙነቷ ከቤጂንግ ጋር ስለሆነ ኤምባሲ የለም፤ በአካባቢያችን ያለው በ2020 ሐርጌሳ የተከፈተው የታይዋን ተወካይ ጽሕፈት ቤት ነው። ምላሽ 18 ስለ ሶማሌላንድ፣ ስለ ወደብ፣ ስለ አንድ ቻይና ፖሊሲ ረጅም ንግግር ጀመረ፤ ቃላቱም እየሻከሩ ሄዱ። አወያዩ ፊልም ያልተጠቀሰበት ቀጣይ ምላሽ እንደሚነሳ አስታውቆ አስቆመው። ሆኖም ጉዳዩ ከፊልሙ ሙሉ በሙሉ የራቀ አይደለም። በ2018 የወርቃማው ፈረስ መድረክ ላይ «አወር ዩዝ ኢን ታይዋን» የምርጥ ዘጋቢ ፊልም ሽልማት ሲያገኝ ዳይሬክተሯ ፉ ዩ ስለ ታይዋን ራሷን የቻለች አካል መሆን ተናገረች፤ በማግስቱ ዓመት ቤጂንግ ፊልሞቿና ተዋናዮቿ ከሽልማቱ እንዲቀሩ አደረገች። የሽልማቱን የዓመታት ዝርዝር የሚያነብ ሰው ከ2019 ጀምሮ ለውጥ የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው።

ምላሽ 19 ወደ ሦስተኛው ጥያቄ፣ ወደ ግርጌ ጽሑፉ መለሰን። የታይዋን ፊልሞች ላይ የቻይንኛ ጽሑፍ የሚኖረው አገሬው በማንዳሪን ብቻ ስለማይናገር ነው፦ ሆክየን አለ፣ ሃካ አለ፣ መንግሥት እውቅና የሰጣቸው 16 ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች አሉ። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ በምስሉ ላይ ተቀርጾ የቀረ ስለሆነ ማጥፋት አይቻልም፤ የእንግሊዝኛው ከሥሩ ይደረደራል። የዩቲዩብ አውቶማቲክ ትርጉም የሚሠራው ለብቻው የተጫነ ጽሑፍ ሲኖር ነው፤ የጽሑፍ ምልክቷ ደብዛዛ ከሆነች የምታዩት ምስል ላይ የተቀረጸውን ነው፣ ማሽኑም አያነበውም። ተናጋሪዎቹ በሆክየን የሚያወሩበት ፊልም ላይ ከድምፅ የሚወጣው አውቶማቲክ ጽሑፍ ትርጉም የለሽ ይሆናል። ጠያቂው በመሃል የጻይ ሚንግ-ልያንግ የ2020 ፊልም «ዴይስ» ጽሑፉ ተበላሽቶበት እንደሆነ አንስቶ ነበር፤ አልተበላሸም። ፊልሙ ሆን ተብሎ ያለ ግርጌ ጽሑፍ እንደቀረበ መጀመሪያው ላይ ራሱ ይናገራል። 127 ደቂቃ ነው፣ ንግግሩም እጅግ ጥቂት ነው።

ምላሽ 20 ስለ ዳታና ስለ መሣሪያ ነው፤ ደረቅ ቢመስልም ብዙ ገንዘብ ያድናል። የላው ኬክ-ሁዋት «ፍሮም አይላንድ ቱ አይላንድ»፣ በ2024 የወርቃማው ፈረስን ያሸነፈው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከታይዋን ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ስለሄዱ ወታደሮችና ሐኪሞች የሚናገረው፣ 290 ደቂቃ ነው። በመካከለኛ ጥራት በሰዓት 0.7 ጊጋ ብንይዝ 3.4 ጊጋ ይበላል፤ በከፍተኛ ጥራት በሰዓት እስከ 3 ጊጋ ከሆነ 14.5 ጊጋ ይደርሳል። ጥራቱን አውቶማቲክ ላይ መተው ኔትወርኩ በተሻለ ቁጥር ፓኬጁን መጨረስ ነው፤ በእጅ 480 ላይ ማድረግ ይሻላል። መተግበሪያው ማውረድ ከፈቀደ ሌሊት በዋይፋይ ማውረድ። ድምፅ እየተሰማ ምስሉ ጥቁር ከሆነ ፊልሙ አልተበላሸም፤ የስክሪን መቅጃ ተከፍቷል፣ ወይም ላፕቶፑን ከቴሌቪዥን ያገናኘው ገመድና ስክሪን የቅጂ መከላከያውን አያልፉም። መቅጃውን መዝጋት፣ ገመዱን ነቅሎ በላፕቶፑ ላይ መሞከር። ርካሽ ስልክ ላይ ከ480 በላይ አልሄድ ካለ ደግሞ የስልኩ ዋይድቫይን (የቅጂ መከላከያ) ደረጃ ዝቅተኛው፣ ኤል3፣ ስለሆነ ነው፤ በክፍያ አይስተካከልም።

ምላሽ 21 የጻፉት በዕድሜ የገፉ የሚመስሉ ሰው ናቸው፤ እስካሁን የተባለው ሁሉ ስለ ቧንቧው ነው፣ ስለ ውኃውም እናውራ አሉ። የታይዋን ዘጋቢ ፊልም እንዲህ ጠንካራ የሆነበትን ምክንያት አስረዱ። ከ1949 እስከ ሐምሌ 15 ቀን 1987 ደሴቲቱ በወታደራዊ ሕግ ሥር ነበረች፤ የነበሩት ሦስት የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም በመንግሥት፣ በገዥው ፓርቲና በጦሩ እጅ ነበሩ። በ1986 ጥቂት ሰዎች አነስተኛ የቪዲዮ ካሜራ ይዘው ግሪን ቲም የተባለውን ቡድን መሠረቱ። በዚያው ዓመት ኅዳር 30 በታኦዩዋን አየር ማረፊያ አቅራቢያ በስደት የነበረ ፖለቲከኛን ሊቀበል የወጣ ሕዝብ ከጸጥታ ኃይሎች ጋር ተጋጨ። ቴሌቪዥኖቹ ሕዝቡን በጥባጭ አድርገው አቀረቡት፤ የግሪን ቲም ካሴት ደግሞ የውኃ መድፉንና አስለቃሽ ጭሱን አሳየ። ካሴቱ እየተባዛ ተሸጠ፣ በየቦታው ታየ። ቡድኑ እስከ 1990 ሠራ፤ የቀረጸው ዛሬ በታይናን ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ ተጠብቆ ይገኛል። ዉ ዪ-ፌንግ በ1988 የጀመረው ፉል ሾት ደግሞ በየክፍለ ሀገሩ ተራ ሰዎችን ካሜራ አስተማረ። መስከረም 21 ቀን 1999 በደረሰውና ከ2,400 በላይ ሰው በገደለው የመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ቡድኑ ወደ ተጎዱት መንደሮች ገብቶ ለዓመታት ቀረጸ፤ የ2004ቱ «ጊፍት ኦፍ ላይፍ» የዚያ ውጤት ነው። ዳይሬክተሩ ከሰዎቹ ጋር ረጅም ዓመት መቆየቱ ከዚያ የመጣ ልማድ ነው አሉ፤ ስለዚህ ከአየር ላይ በተቀረጸው በቺ ፖ-ሊን የ2013 ፊልም «ቢዮንድ ቢዩቲ» መጀመር አይመከርም።

በዚህ በመጨረሻው አልስማማም። ቺ ፖ-ሊን ተራሮቹን ብቻ አላሳየም፤ የተቆፈሩትን ገደሎች፣ ቀለማቸው የተለወጠ ወንዞችን ከላይ ሆኖ አሳይቷል። የቀጣዩን ክፍል ምስል ሲያነሳ ሰኔ 2017 በሄሊኮፕተር አደጋ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሞተ። ለመግቢያ የሚሆነውም ስለ ቻይንኛ ንግግር ብዙ ስለማይጨነቅና በዓይን ስለሚናገር ነው። ግን ጋሼ ስለ ልማዱ ያሉት ትክክል ነው፤ ከ«ቢዮንድ ቢዩቲ» በኋላ የሚከተለው ፊልም ከመሬት የተቀረጸ መሆን አለበት።

ምላሽ 22 ጠያቂው ራሱ ነው። ከምላሽ 3 በተማረው ዘዴ የ2022ን ፌስቲቫል ከፍቶ አራት አራት ነገር እየገለበጠ መሆኑን፣ የመጀመሪያ ድምዳሜውን እንደተወው ጻፈ። የቀረው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ፌስቲቫሎች በኢንተርኔት ሲያሳዩ በታይፔ ሰዓት 23:59 ይዘጋል ሲሉ ለእኛ ስንት ሰዓት ነው? አወያዩ ከሥሩ መልሱን ጨምሮበታል። ታይፔ ከአዲስ አበባ በ5 ሰዓት ትቀድማለች፤ ስለዚህ መዝጊያው በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ59 ነው፣ እኩለ ሌሊት አይደለም። ሪያድም ያው ነው፤ ዱባይ 19:59፤ ዋሽንግተን በበጋቸው ከቀትር በፊት 11:59፣ በክረምታቸው 10:59። አንዳንዱ መድረክ ከመዝጊያው በፊት የተጀመረውን ፊልም እስከ መጨረሻው ያስጨርሳል፤ አንዳንዱ ደግሞ በሰዓቱ ይቆርጣል። ስለዚህ የ100 ደቂቃ ፊልም የሚያይ ሰው አዲስ አበባ ላይ ከ11 ሰዓት በፊት ይጀምር፤ መብራት ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥ የሚተርፍ ጊዜ እንዲኖር ደግሞ ከ10 ሰዓት በፊት።